ላምባ የሚሸተው ወይን

ጋውለር፣ እሁድ ጁን 9 ቀን 2019

ለምወድህ ክሊቭ፣

እንደምን ሰነበትክ? ጉልበትህስ ተሻለህ? ከማዕድን ጉድጓዱ ስትወጣ ብርድ እንዳይመታህ ብዬ ወፍራሙን ሹራብህን ልኬልህ ነበር፤ ደርሶህ ይሆናል። እኔ ደህና ነኝ። የትምህርት ቤቱን አውቶቡስ አሁንም የምነዳው እኔው ነኝ። የጓሮው ሎሚ ዘንድሮ ጉድ ነው፤ ቅርንጫፉ መሬት እስኪነካ አፍርቷል። ለጎረቤት ሁሉ አድዬ አላልቅ ብሎኛል።

ደብዳቤህ ከደረሰኝ ሦስት ሳምንት አለፈው። “ቤቱን እንሽጠውና አንቺም እኔ ወዳለሁበት ወደ ካልጉርሊ ነይ” ያልከውን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። መልስ ያዘገየሁት አኩርፌ አይደለም። እሺ፣ የመጀመሪያውን ሳምንት አኩርፌ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን አንድ ነገር ገጠመኝ፤ እሱን ሳላጫውትህ መልስ ልሰጥህ አልቻልኩም።

ስለ ወይኑ ነግሬህ አላውቅም። ለስድስት ወር ብለህ የሄድከው ዓመት ሲሞላው፣ ዓርብ ማታ ቤቱ ጭር ይልብኝ ጀመር። አንድ ዓርብ ከሥራ ስወጣ መጠጥ መሸጫው ጎራ አልኩና ቀምሼው የማላውቀውን አንድ ጠርሙስ ወይን ገዛሁ። ለምን እሱን እንደመረጥኩ አትጠይቀኝ፤ ጠርሙሱ ላይ የተለጠፈችው ዳክዬ አሳዝናኝ ይሆናል። ወይኑ እንኳ የሚረባ አልነበረም። በሳምንቱ ግን ሌላ ገዛሁ፣ በሳምንቱ ደግሞ ሌላ። ቀስ በቀስ ደንብም አወጣሁለት፦ አንዱን ሁለቴ መግዛት የለም፣ ከመጠጣቴ በፊትም የሸተተኝን በራሴ ቃል ደብተር ላይ እጽፋለሁ። የፊት ለፊቷ ጎረቤታችን ሮዝሊን ይህን ስታይ ብርጭቆዋን ይዛ መጣች። አንዱን ቀይ ወይን “ዝናብ የመታው የተማሪ ቦርሳ” ብዬ ጽፌው አገኘችና፣ “አንቺ ሴት፣ የምንጠጣው ወይን ነው ወይስ ተማሪ?” አለችኝ። ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። በዚህ ቤት ከተሳቀ ብዙ ጊዜ ሆኖት ነበር።

ኋላ የሱቁ አልበቃ ሲለን ቅዳሜ ቅዳሜ ወይን ጠማቂዎቹ ዘንድ ድረስ መሄድ ጀመርን። የዛሬ ሁለት ሳምንት ገደማ ከክሌር ከተማ ወጣ ብሎ በኮረኮንቹ መንገድ መጨረሻ ካለው የኦቶ ክሎዜ መጥመቂያ ቤት ደረስን። ኦቶ ሰባ ዓመት ያለፈው፣ ወሬ የማያበዛ ሽማግሌ ነው። እኛ ስንገባ ግራጫ ኮት የለበሰ የአደላይድ ሰው ባንኮኒው ላይ ብርጭቆውን እያሽከረከረ ለጓደኞቹ ትምህርት ይሰጣል። ሮዝሊንን ደግሞ ታውቃታለህ፣ ገና ከመግባቷ የአውቶቡስ ሹፌር መሆኔን አውርታላቸዋለች።

ኦቶ አሥራ ሁለት ዓመት የቆየ ነጭ ወይን ከፍቶ ለሁላችንም ቀዳ። ሪዝሊንግ ይሉታል። ባለ ኮቱ ዓይኑን ጨፍኖ፣ “የሎሚ አበባ፣ እርጥብ ድንጋይ” አለ። ኦቶ ወደ እኔ ዞረ።

“አንቺስ፣ ምን ሸተተሽ?”

“ላምባ” አልኩ፤ አፌ ላይ የመጣው እሱ ነው።

ባለ ኮቱ ከት ብሎ ሳቀ። “እሜቴ፣ አውቶቡስሽን ነዳጅ ሞልተሽ እጅሽን ሳትታጠቢ ነው የመጣሽው?”

ጓደኞቹም ሳቁ። ጆሮዬ ጋለ። ታውቀኛለህ፣ ሌላ ጊዜ ቢሆን ብርጭቆውን አስቀምጬ ውልቅ ነበር የምለው። ያን ቀን ግን ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ደግሜ አሸተትኩና፣ “መሳቁን ሳቁ፤ ላምባ ነው” አልኩ።

ኦቶ ጠርሙሱን አስቀመጠ። “ልክ ናት። ሪዝሊንግ ሲያረጅ ላምባ ላምባ ይላል፤ ደግ ምልክት ነው። ብዙ ሰው ይሸተዋል፣ አፍሮ ነው የማይናገረው።”

ባለ ኮቱ አፍንጫውን መልሶ ብርጭቆው ውስጥ ከተተ። “እውነትም” አለ። ሰውዬው ክፉ አይደለም፤ ሲወጣ “ይቅርታ፣ ሹፌር” ብሎኝ ነው የሄደው፣ ያውም አንድ ሣጥን ተሸክሞ።

ልንሄድ ስንል ኦቶ እስከ መኪናው ተከትሎኝ መጣ። “እሁድ እሁድ ባንኮኒው ላይ ቆሞ ለደንበኛ የሚቀዳልኝ ሰው የለኝም። አንቺ ብትቆሚስ?”

“እኔ እኮ ስለ ወይን የማውቀው ነገር የለም።”

“ለዚህ ነዋ። የሚያውቁትን ሞክሬያቸዋለሁ፣ ሰው ያስፈራሉ።”

ላስብበት አልኩት። መኪና ውስጥ ሮዝሊን፣ “ምኑን ነው የምታስቢው?” አለችኝ። “ክሊቭ ነይ ብሎኛል” አልኳት። ከዚያ፣ “እሱ መምጣት አይችልም እንዴ?” አለች፣ የዋዛ ነገር የጠየቀች ያህል።

ክሊቭ፣ ይህን ጥያቄ እኔ ጠይቄህ አላውቅም። የሄድክ ለት ሸሚዞችህን አንድ በአንድ አጥፌ ሻንጣህ ውስጥ ስከት አንዲት ቃል አልወጣኝም። አንተ የተስማማሁ መስሎህ ሄድክ፤ እኔ ደግሞ ዝም ማለቴን ትረዳዋለህ ብዬ ቀረሁ።

ለኦቶ እሺ ብዬው ባለፈው እሁድም ዛሬም ባንኮኒው ላይ ቆሜ ዋልኩ። እግሬ አብጧል፣ ደስ ብሎኛል። ዛሬ አንዲት ወጣት “እኔ ከወይን ምንም አይገባኝም” ብላ ባሏ ጀርባ ስትደበቅብኝ፣ “የሸተተሽን በይ፣ ፈተና አይደለም” አልኳት። “የአዲስ ጫማ ካርቶን” አለች። አልተሳሳተችም።

ማምሻውን ለራሴ ከአምናው ሪዝሊንግ ሁለት ጠርሙስ ገዛሁ። ኦቶ ስምንት ዓመት አትንኪው ብሎኛል። ስምንት ዓመት! የመጪውን ገና እንኳ የት እንደማሳልፍ አላውቅም ነበር። የጓዳው መደርደሪያ ላይ፣ ብርሃን የማይደርስበት ቦታ አጋድሜ አስቀምጫቸዋለሁ።

ስለዚህ ቤቱን አልሸጥም፣ እኔም አልመጣም። ይህን የምጽፈው ተቆጥቼ አይደለም፤ ሻይ አጠገቤ አስቀምጬ፣ ረጋ ብዬ ነው።

እሁድ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ጀምሮ ኦቶ ዘንድ ነኝ። ስትመጣ መንገዱ ኮረኮንች ስለሆነ ቀስ ብለህ ንዳ። እንደማንኛውም ደንበኛ እቀዳልሃለሁ፤ አንተም የሸተተህን ትነግረኛለህ።

ከመሬት በታችም ከመሬት በላይም ፈጣሪ ይጠብቅህ።

ሚስትህ ቬርና