ለየሺ የጫንኩላት ድራማ

ሐሙስ፣ ኅዳር 18

ዛሬ ጧት የሺ ሱቄ መጣች። ጌትነት ለእኔ ሽማግሌ ልኮ፣ የሠርጉ ቀን ከተቆረጠ በኋላ ጥሎኝ ያገባት የልጅነት ጓደኛዬ ናት። ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ፍላሿን ዘረጋችልኝ።

"እስቲ የሐኪም የሆነ የኮሪያ ድራማ ጫኚልኝ፤ ምስጢርም ፍቅርም ያለበት። ከጌትነት ጋር የምናየው።"

ወረታ ውስጥ ፊልም የሚጭን ሌላ ሱቅ የጠፋ ይመስል!

እምቢ ልላት ስል አንዱ ትዝ አለኝ። ሕመምተኞቿ ለምን እንደሚሞቱ የምትመረምር ሐኪም አለች፤ ገና ሲጀምር እጮኛዋ ጥሏት ሌላ ያገባል። አምና ክረምት፣ የፎገራ ሜዳ በጎርፍ ተውጦ መንገድ ሲዘጋ፣ እኔና ጌትነት እዚሁ ሱቅ ቁጭ ብለን የጨረስነው ነው። ያኔ፣ "እኔ እንዲህ ባደርግሽ መድኃኔዓለም አይማረኝ" ብሎ ምሎልኝ ነበር።

እሱን ጫንኩላት።

"ያምራል?" አለችኝ።

"በጣም። ባልሽ ሳይኖር እንዳትጀምሪው።"

ሲመሻሽ ደወለች። "የመጀመሪያው ክፍል እንኳ ሳያልቅ ጌትነት ዘግቶት ወጣ። ምን ነካው?"

"እኔ ምን አውቄ? አንቺ ግን ጨርሺው" አልኳት።

አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ሲወጣ አልቅሶ እንደሆነ ብቻ ሳልጠይቃት ስልኩን ዘጋሁት...