ፀሐይን በከንቱ አስረገምከኝ

ለውዱ ባለቤቴ ለጌታሁን፤

ከተለየኸኝ አንድ በልግ ገብቶ ወጣ፤ ሁለተኛው ደግሞ ደጅ ላይ ነው። ሰማዩ በባኮ ተራሮች በኩል መጥቆር ጀምሯል። እንዴት ነህ አልልህም፤ እዚያ ደህና እንደሆንክ ቄሱም ጎረቤቱም ነግሮኛል። እኔም ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስልህ ግን አልተናደድኩም ማለቴ አይደለም። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልህ ተናድጄ ነው፤ ናፍቀኸኝም ነው። ሁለቱን መለየት ድሮም አልችልበትም፣ ታውቀኛለህ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ይህን የሚጽፈው የራሴ እጅ ነው። መሠረተ ትምህርቱን ጨርሼ የምስክር ወረቀቴን ከፎቶህ ጎን ሰቅዬዋለሁ። ዛሬ የቀበሌውን ማስታወቂያ ማንንም ሳልጠይቅ ቆሜ አነባለሁ። የጓሮው ማንጎ ዘንድሮ ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ አፈራ፤ ግማሹን የሌሊት ወፍ በላው። አውሮፕላን ሲመጣ ሰው አሁንም ከብቱን ከማረፊያ ሜዳው ለማባረር ይሮጣል፤ እኔ ግን ወጥቼ ማየት ትቻለሁ። የግብርና መሥሪያ ቤቱ ላንድሮቨርህን ለአዲስ ሹፌር ሰጠው። ጡሩምባውን በሰማሁ ቁጥር እጄ ወደ በሩ መወርወሪያ ይሄዳል፤ ከዚያ ትዝ ይለኝና እመለሳለሁ።

መቃብርህንም እየሄድኩ አያለሁ። በቀኝህ በኩል አንዲት ሴት ቀብረዋል። ማን ናት ብዬ ጠየቅሁ። ሰባ ዓመት ያለፋት፣ የልጅ ልጆች ያየች ባልቴት ናት አሉኝ። ትሁን። በሰባ ዓመቷም ቢሆን ሴት ሴት ናት፤ አንተም ለማንም ሳቅህን የማትነፍግ ሰው ነበርክ። ነፍሷን ይማር፤ ፊቷን ግን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ታዙር።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ጉድህን ደርሼበታለሁ።

ያንን በጋዜጣ የተለበደ ልብ ወለድ ታስታውሰዋለህ፤ ከመሥሪያ ቤቱ ዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ተዋስኩት ያልከኝን። ሰኞ ማለዳ ከጂንካ ወደ ወይጦ ቆላ ትወርዳለህ፣ ቅዳሜ ትመለሳለህ፤ አንዳንዴም ዱስ ድረስ ዘልቀህ የኦሞ ዳር ማሽላ ታመጣልኝ ነበር። እሑድ ከሰዓት ግን የኔ ነበር። ማንጎው ሥር እኔ ቆሎ እየዘገንኩ አንተ ታነብልኛለህ። ያን ጊዜ እኔ ገና ከፊደል ገበታው ጋር ስታገል ነበርኩ።

የመጀመሪያው እሑድ ያነበብክልኝ እንዲህ ይላል። ሰሎሞን የሚባል ባል ለሚስቱ ለፀሐይ «ለፊልድ እሄዳለሁ» ብሎ ሻንጣውን ይዞ ይወጣል፤ ከዚያ ፎቶ ቤት የምትሠራ ሮማን የምትባል ልጅ ዘንድ ይከርማል። ፊልድ! ያንተኑ ቃል! በማግሥቱ ስንቅህን አልቋጠርኩም። መሥሪያ ቤቱ ድረስ ተከትዬህ መጥቼ መኪናው ፊት እጄን ዘርግቼ ቆምኩ። የት ነው ፊልዱ፣ ማን ናት ፊልዷ ብዬ ጮህኩ። ሠራተኛው ሁሉ ሥራውን ትቶ በመስኮት ተንጠለጠለ። አፍሬበት አላውቅም፤ ዛሬም ቢሆን እቆማለሁ።

በሚቀጥለው እሑድ መጽሐፉን ገልጠህ ጉሮሮህን ጠረግህና፣ ባለፈው ተሳስቼ ነው ያነበብኩልሽ አልከኝ። ለካ ሻንጣዋን ይዛ የወጣችው ሚስትየዋ ፀሐይ ናት። ፎቶ ቤቱም የአንድ ጥርሱ የገጠጠ፣ ሆዱ የተነፋ ሰውዬ ነው። ምስኪኑ ሰሎሞን ቤት ቁጭ ብሎ ይጠብቃታል። እኔም አመንኩህ። ፊደል ለማያውቅ ሰው ንባብ እንደ መንገድ ይመስለዋል፤ አንዳንዴ ይሳታል፣ ተመልሶ ይታረማል።

ከዚያ ወዲያ ፀሐይን ያልረገምኳት እርግማን የለም። ለሰሎሞን ግን አንጀቴ ተላወሰ። አንድ እሑድ ምሳውን ብቻውን ሲበላ ብታነብልኝ እንባዬ መጣ። በባል ላይ የሚደርስ ይህን ያህል በደል አለ ወይ ብዬ፣ ቅዳሜ ስትመለስ ዶሮ ሠርቼ ጠበቅሁህ። ፈረሰኛውንም ላንተ ሰጠሁህ። አንተም ዓይንህን ሳታሽ በላህ። እንዴት ወረደልህ?

የመጨረሻው እሑድ ፀሐይ በዝናብ ተመልሳ በሩን ስታንኳኳ ነበር ያቆምከው። ሰሎሞን ከበሩ ጀርባ ቆሟል። መጽሐፉን ዘጋህና፣ ምን ትያለሽ፣ ይክፈትላት ወይ አልከኝ። አይክፈትላት፣ ወደዞረችበት ትዙር አልኩህ። ሳቅህና ቀሪውን ለሚቀጥለው እሑድ አልክ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን የወይጦ ወባ ይዛህ መጣች። ከዚያ በኋላ ስለ መጽሐፉ አንተም አላነሳህ፣ እኔም አልጠየቅሁህ። ሌላ እሑድ አላገኘንም።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባል የለ፤ ያንተ ጉድ የወጣው ለቅሶ ድንኳንህ ውስጥ ነው። በሠልስትህ ማግሥት ሐዘንተኛዋ ትዘናጋ ተብሎ ጨዋታ ሲነሳ፣ ጎረቤታችን መምህሩ «ጌታሁን ይወደው የነበረ መጽሐፍ» ብሎ ያንን ልብ ወለድ አነሳ። ለካ መጽሐፉ ወደኛ ቤት ከመምጣቱ በፊት ከተማውን ዞሮት ኖሯል። መምህሩ፣ ደራሲው ለባልየው ነገሩን አቀለለለት አለ። ከቀበሌ የመጣችው ልጅ ደግሞ ቀላል የፍቅር ወሬ ነው፣ ለጊዜ ማሳለፊያ ይሆናል እንጂ ቁም ነገር የለውም አለች። እትዬ በላይነሽ ልጇ አንብባላት ኖሮ፣ እኔን የሚያናድደኝ ያ ሰሎሞን አንድ ጥፊ እንኳ ሳይቀምስ ማለቁ ነው አለች። እኔ ነጠላዬን እንዳዘቀዘቅሁ ከፍራሹ ላይ ተነሳሁ። ሰሎሞን ምን በደለ? በየፎቶ ቤቱ የምትዞረው ያቺ ባለጌ ሚስቱ አይደለችም ወይ? አልኳቸው። መምህሩ ጫማውን ያይ ጀመር። አንዱን ሳል ያዘው። ጥግ ላይ የተቀመጠች የማላውቃት ቀይ ሴት የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ጎሰጎሰች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፤ ታልቅስ ትሳቅ አልለየሁም።

ማን ናት አልኩ። የወይጦው ክሊኒክ ጤና ረዳት አስናቀች ናት፣ መጽሐፉም የሷ ነው አሉኝ። የግምጃ ቤቱ ሠራተኛ አይደለም፤ የሴት ነው፣ ያውም የወይጦ ሴት! ሐዘኔ ላይ ቅናት ተደረበብኝ። ሰው በሞተ ባል ይቀናል ወይ አትበለኝ። ይቀናል፤ እንዲያውም ይብሳል፣ ቆሞ መልስ የሚሰጥ የለማ።

እንግዳው ሲበተን መጽሐፉን አወጣሁ። ጣቴን ከመስመሩ ሥር እያስኬድኩ አነበብኩት፤ በልጉ መጥቶ ሄደ፣ እኔ ገና መሐሉ ላይ ነበርኩ። ሻንጣውን ይዞ የወጣው ሰሎሞን ነው። ተሳሳትኩ ያልከው የመጀመሪያው እሑድ እውነት ነበር፤ ያረምከው ሁሉ ውሸት። የሮማንም ጥርስ አልገጠጠም። ደራሲው ስለ አንገቷ ብቻ ሙሉ ገጽ ጽፏል። ያንን ገጽ ስታነብ ፊትህ ምን ይመስል እንደነበር ለማስታወስ ሞከርኩ። ፈገግ ብለህ ነበር። እኔ ጥርሰ ገጣጣው ሰውዬ ያሳቀህ መስሎኝ አብሬህ ስቄያለሁ።

ከዚያ በኋላ አንድ ጥያቄ ብቻ ሆዴ ውስጥ ቀረ። ራሱ ሰሎሞን ያልሆነ ሰው ሰሎሞንን ለማዳን ይህን ያህል ለምን ይደክማል? መጽሐፉ የወይጦዋ ሴት ነው። አንተ ሳምንቱን ሙሉ ወይጦ ነህ። እሷ ለቅሶህ ላይ ከአገሩ ሰው ሁሉ በላይ ትከሻዋ ተንቀጥቅጧል። ሌላ ሰው ቢሆን ሆድ ይፍጀው ብሎ ይተወው ነበር። እኔ አልተውኩትም።

መጽሐፉን በነጠላዬ ሸፍኜ፣ አዲሱን ሹፌር ለምኜ ወይጦ ወረድኩ። ቁልቁለቱን ስንጨርስ ሙቀቱ ፊቴን መታኝ፤ በዚህ ሐሩር ውስጥ ስትመላለስ ኖረህ አንድ ቀን እንኳ ሞቀኝ ብለኸኝ አታውቅም። አስናቀችን ክሊኒኩ ደጅ አገኘኋት። ሰላም ሳልላት፣ ከባሌ ጋር ምን ነበራችሁ አልኳት። ልጅቷ አልተቆጣችም። «እትዬ ዘነበች፣ ነይ ላሳይሽ» ብላ እጄን ይዛ ወደ ዋናው መንገድ ወሰደችኝ።

መንገዱ ዳር አንድ ትልቅ ግራር አለ። ከሥሩ ሻይ ሻጭ፣ ሁለት አግዳሚ ወንበርና አንድ አሮጌ የመኪና ጎማ። ጎማው የጋሽ ጌታሁን መቀመጫ ነበር አለችኝ። ዙሪያውን በደንብ አየሁ። መንገደኛው፣ ከብት ነጂው፣ የጭነት መኪናው ሁሉ የሚያየው ቦታ ነው፤ ሰው የሚደበቅበት አንድ ቁጥቋጦ እንኳ የለም። ትንሽ ተነፈስኩ። ሻይ ሻጩ ማን መሆኔን ሲሰማ ማንቆርቆሪያውን አስቀምጦ እጄን በሁለት እጁ ያዘኝ። «ዘነበች! ዘነበች ራሷ መጣች!» እያለ ጮኸ። የመንገድ ሥራ ሰዎች አካፋቸውን ጥለው መጡ። ፍየል የሚነዱ የአገሩ ሰዎች፣ ፀማዮችም ቆሙ። እኔ እነሱን አላውቃቸውም፤ እነሱ ግን እናቴ ከምታውቀኝ በላይ ያውቁኛል።

ለካ ሰኞ ሰኞ ስትደርስ ገና ከመኪናው ሳትወርድ፣ ዘነበች ምን አለች ይሉህ ነበር። አንተም እጅህን ወገብህ ላይ ታደርግና፣ ፀሐይን የረገምኳትን እርግማን አንድ ሳታስቀር ትነግራቸዋለህ። ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ። ከዚያ የሚቀጥለው ምዕራፍ እንዴት ይገልበጥ ብላችሁ ትመካከራላችሁ። የፎቶ አንሺው ጥርስ የሻይ ሻጩ ሐሳብ ነው። የሰሎሞን የብቻ ምሳ የአስናቀች ነው። ዶሮዬን ያሳረደችኝ እሷ ናት! ምክሩን ያልወደደው አንድ የፀማይ ሽማግሌ ብቻ ነበር አሉ፤ ሰውየው ከብት ካለው ሁለቱንም አግብቶ ለምን አይገላገልም ብሏል። ሽማግሌው እዚያው ቆሞ ስለነበር መልሱን ከራሴ አፍ ሰማ፤ እዚህ አልደግመውም።

ለምን ገለበጠው ብዬ አስናቀችን ጠየቅኋት። መኪናው ፊት የቆምኩ ዕለት ወይጦ ደርሰህ፣ ስንቁስ ይቅር፣ እሑዴን ግን አላጣም፣ መላ በሉኝ ብለሃቸው ነበር። መጽሐፉን መልስላትና ይቅር ያለህም ነበር። አንተ ግን፣ የሷ ቅናት የሌለበት ቤት ጨው የሌለው ወጥ ነው፣ ቅናቷ ይኑር፣ ብቻ ወደኔ እንዳይዞር አልክ። ሴት ያለው ወንድ ሴቲቱ ዘንድ ተቀምጦ ሳምንቱን ሙሉ ስለ ሚስቱ አያወራም። ይህን ያህል እኔም አውቃለሁ። ሆዴ ውስጥ የነበረው ነገር እዚያው ግራሩ ሥር ወረደልኝ።

ደስ ሊለኝ ሲገባ ግን እንደገና ቀናሁ። በአስናቀች አይደለም። ግራሩ ሥር ስታወራላት በኖርካት ሴት ነው። የወይጦዋ ዘነበች ንግግር ታውቃለች፣ ታስቃለች፣ ሰው ሳምንት ሙሉ ቃሏን ይጠብቃል፣ ባሏ ጨው ይላታል። የጂንካዋ ዘነበች ምን አገኘች? «እስቲ ዝም በይ፣ ላንብብ» ብቻ። ያንን የጨውን ነገር አንድ ቀን ማንጎው ሥር ለኔ ብትለኝ ምን ነበረበት? ለሻይ ሻጭ የተነገረ ፍቅር ለኔ ዞሮ ዞሮ ደረሰኝ፤ አንተም ከሄድክ በኋላ።

መጽሐፉን ጨረስሽው ወይ አሉኝ። የመጨረሻዋ ምዕራፍ ቀርታኝ ነበር። አንተ ገልብጠህ ያልጨረስካት እሷ ብቻ ስለሆነች እፈራት ነበር። እንግዲያው እዚሁ አንብቢልን አለችኝ አስናቀች። ጎማህ ላይ ተቀምጬ፣ ጣቴን ከመስመሩ ሥር እያስኬድኩ፣ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ስደናቀፍ ማንም አላረመኝም። ሰሎሞን በዝናብ ተመልሶ ያንኳኳል። ፀሐይ ከበሩ ጀርባ ትቆማለች፣ ታለቅሳለች፣ በመጨረሻ ትከፍትለታለች። ከመንገድ ሠራተኞቹ አንዱ ደራሲው ወረቀት አልቆበት ነው ቶሎ ያስታረቃቸው አለ። አስናቀች እኔም እከፍት ነበር አለች። ከዚያ ሁሉም ወደኔ ዞረው፣ ዘነበችስ ምን ትላለች አሉ። ፍርድ ፍርድ ነው፤ ለፀሐይ አይከፈት ብዬ ነበር፣ ለሰሎሞንም አይከፈት አልኳቸው። አጨበጨቡልኝ።

ጂንካ ስንደርስ ማካፋት ጀምሮ ነበር። ቤቴ ገብቼ በሩን ልወረውር እጄን ስዘረጋ እዚያው ከበሩ ጀርባ ቆሜ ቀረሁ።

መጽሐፉን ለአስናቀች አልመለስኩም፣ እሷም አልጠየቀችኝም። እሑድ ከሰዓት ማንጎው ሥር ጮክ ብዬ አነበዋለሁ፤ አንተ በገለበጥከው መንገድ፣ ጥርሰ ገጣጣውንም ሳላስቀር። ትንፋሼ እስካለ እሑድህ አይታጎልም። የቀኝህን ባልቴቷ ወስዳዋለች፤ ግራህን ለኔ እንዲተዉልኝ የቤተ ክርስቲያኑን ሰዎች ተናግሬያለሁና ለማንም እንዳታስደፍር።

ለወይጦ ሰዎች ያልነገርኳቸውን ላንተ ልንገርህ። የሚያንኳኳው አንተ ከሆንክ፣ ዝናብም ባይኖር፣ ከየትም ብትመጣ፣ እከፍትልሃለሁ። የት እንደከረምክ የምጠይቅህ ከገባህ በኋላ ነው።

የጂንካዋ ዘነበች