ሙሽራውን ያቀላው ስክሪን

አንተ አብረኸኝ የምትኖር ፎቶ አንሺ፣

ስትነሳ የኮምፒውተር ስክሪንህን ብታጣው፣ ሌባ ገባ ብለህ ጎረቤት እንዳትቀሰቅስ። አልጋ ስር የከተትኩት እኔ ነኝ።

የእህቴ የሠርግ ፎቶ ታትሞ መጣ። ሙሽራው ቲማቲም መስሏል! ያ ስክሪንህ ደማቅ ቀይ ማሳየት አይችልም፤ አንተ ደግሞ ሰውዬው ገረጣ እያልክ ቀይ ላይ ቀይ ስትጨምርበት ከርመሃል። ስክሪን ሲገዛ መጠኑ ብቻ አይታይም፣ ስንት ዓይነት ቀለም ማሳየት እንደሚችልም ይጠየቃል። ብነግርህ "ትልቅ እኮ ነው" ብለህ አፌን አስያዝከኝ።

የእኔን ስክሪን ጠረጴዛህ ላይ አስቀምጬልሃለሁ።
ሻይ እንዳታስጠጋበት።
ፎቶዎቹን በሙሉ እንደገና ሥራቸው።

እናቴ ሳሎን የሰቀለችውን ግን እንዳትነካ። "ልጄን ባገባ በቀኑ ፊቱ ወዛ!" እያለች ለመጣው ሁሉ ታሳያለች።

እውነቱን አልነገርኳትም። ትናንት በፎቶው ተናድጄ የጮህኩብህን በዚህ አካክሰው።