ኦሪጅናሌን አልሰጥም

መስከረም 10 ቀን 2009

ዛሬም ሱቅ ዋልኩ። ስኳር መዘንኩ፣ ሳሙና ደረደርኩ። ጤና መኮንን ሆኜ ከተመረቅኩ ዓመት ከሁለት ወር... አባዬ ደንበኛ በመጣ ቁጥር «ሬሐና ዶክተሯ ልጄ» እያለ ያስተዋውቀኛል። ዶክተር አይደለሁም ብዬ ስንቴ ልንገረው?

ከሰዓት ስልክ ተደወለ። እዚሁ ቡራዩ፣ ከአስፋልቱ ከፍ ብሎ ካለው ክሊኒክ። ባለቤቷ ሲስተር ማሪቱ ራሳቸው ናቸው። ነገ ነይና ውሉን እንነጋገር አሉኝ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ለአንዷ ደንበኛ ሁለቴ ስኳር መዘንኩላት። ሁለቱንም ይዛ ሄደች።

መስከረም 11

ውሉ ሁለት ገጽ ነው። ሲስተር ሻይ አስመጡልኝ፣ ልጄ ልጄ አሉኝ። ደስ ብሎኝ ሳነብ ሳነብ ተራ ቁጥር ሰባት ላይ ደረቅኩ። «ሠራተኛዋ ኦሪጅናል ዲግሪዋን ለሁለት ዓመት በአሠሪዋ ዘንድ ታስቀምጣለች።»

ኮፒ ልስጥ አልኳቸው። ሳቁ።

«ልጄ፣ ኮፒ ማንን ይዞ ያውቃል?»

አምና ሲስተር ነርሶች ሥራ አለማምደው ሲያበቁ ሌላ ክሊኒክ ወስዶባቸዋል። ከዚያ ወዲህ ነው ኦሪጅናል ማስያዝ የጀመሩት። እኔም የሉሲን ነገር ነገርኳቸው። አብራኝ የተማረች ልጅ ናት። ሱሉልታ ተቀጥራ፣ ክሊኒኩ ሲዘጋ ባለቤቱ ዲግሪዋን እንደያዘ ጠፋ። ኮሌጃችን ደግሞ ኦሪጅናል የሚያትመው አንዴ ብቻ ነው። ይኸው እስከ ዛሬ የትም ማመልከት አልቻለችም።

ውሉን ወደ ራሳቸው ሳቡት። ከዚያ ዋስ ካመጣሽ ይቀርልሻል አሉኝ። ደሞዝተኛ ዋስ፣ ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ጋር፣ እስከ መስከረም 28። አባዬ ንግድ ፈቃድ አለው ብላቸው አልሆነም። ደሞዙ የሚቆረጥ ሰው ነው የሚፈልጉት።

ከዘመዶቻችን ደሞዝተኛ ማን አለ? ሁሉም ባለሱቅ።

መስከረም 12

ኡበይድ! እንዴት ረሳሁት? የአክስቴ ልጅ፣ ሰበታ ክር ፋብሪካ ውስጥ የንብረት ክፍል ሠራተኛ። ደወልኩለት። ነገሩን ሳልጨርስ እሺ አለኝ። «ታዲያ ስታመም በነፃ ትመረምሪኛለሽ» አለ። ለሱ ሁሉም ነገር ቀልድ ነው።

መስከረም 20

ሰበታ ደርሼ መጣሁ። ደብዳቤው እጄ ገባ፣ ፊርማ ከነማህተሙ። አልሐምዱሊላህ! መንገድ ላይ ሦስቴ አውጥቼ አየሁት። በክሊኒኩ በር ሳልፍ ሰዓቱ ገና ነበር፣ መውረድ እችል ነበር። ግን ታክሲ ውስጥ ላብ በላብ ሆኜ... ሰኞ ለብሼ ለባብሼ አስገባለሁ ብዬ አለፍኩ።

መስከረም 22

ቢሾፍቱ ኢሬቻ ላይ ብዙ ሰው አለቀ ይላሉ። የክሊኒኩ ዘበኛ ኦቦ ሞቱማ ልጃቸው እዚያ ሄዳለች። ሱቃችን መጥተው ከኛ ስልክ ሞከሩ። አታነሳም።

መስከረም 23

የኦቦ ሞቱማ ልጅ ደህና ናት። ተመስገን። ሱቅ ዝግ፣ መንገድ ዝግ። ደብዳቤው ቁምሳጥን ውስጥ።

መስከረም 25

ኡበይድ ደወለ። ፋብሪካው ተቃጠለ።

መጋዘኑም ቢሮውም። የቀረ የለም አለኝ። እሱ አጥር ዘሎ ነው የወጣው። ድምፁ የሱ አይመስልም።

መጀመሪያ ያሰብኩት ምንድን ነው? ደብዳቤዬን። አፍራለሁ። ሰውየው ነፍሱን ይዞ አምልጦ፣ እኔ ስለ ወረቀቴ! ይባስ ብሎ ራሱ አነሳልኝ። «ማህተም የተመታበት ደብዳቤ አንቺ ጋ አለ አይደል? ስጫቸው። ማን ያውቃል?»

መስከረም 26

ልስጥ? ማጭበርበር ነው? ሲጻፍ እኮ እውነት ነበር...

አባዬን አልጠየቅኩትም። መልሱን አውቀዋለሁ።

ያን ቀን ከታክሲ ብወርድ ኖሮስ? አርብ ባስገባው ውሉ አርብ ይፈረም ነበር። ለቀሚስ ብዬ! ራሴን ጠላሁት።

መስከረም 28

መንገድ ተከፈተ። አስፋልቱ ላይ የተቃጠለ ጎማ ሽቦ ይታያል። በር ላይ ኦቦ ሞቱማ «አከም ቡልቴ» ብለው አዳሬን ጠየቁኝ። ናጋ አልኳቸው። ሰላም እንዳላደርኩ እሳቸውም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ።

ሲስተር ብቻቸውን ናቸው። ወለሉን ራሳቸው ይጠርጋሉ። ደብዳቤውን ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡና ደብዳቤው ላይ ያለውን ስልክ መምታት ጀመሩ። ዋስ ሲቀርብ ደውለው ያጣራሉ ለካ። አይጠራም። እንደገና መቱ። ሰሞኑን ኔትወርክ የለም፣ ኔትወርክ ነው ብል ያምኑኝ ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

«ሲስተር፣ አይድከሙ። ፋብሪካው ተቃጥሏል» አልኳቸው።

ስልኩን አስቀመጡ። አልተቆጡም፣ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ተነስተው ቁምሳጥኑን ከፈቱና ሁለት ዲግሪ አወጡ። ከአምናዎቹ በኋላ የተቀጠሩት የሁለቱ ነርሶች ነው። ማክሰኞ ሻንጣቸውን ይዘው ወደየቤተሰቦቻቸው ሄደዋል። ኦሪጅናላቸውን አልጠየቁም።

«ታዲያ ወረቀቱ ማንን ያዘልዎት?» አልኩ። ከየት እንዳመጣሁት እንጃ።

«ማንንም» አሉ። «የኔንም በልጅነቴ አራት ዓመት ይዘውብኛል። ሌላ መንገድ አላውቅም፣ ልጄ።»

ተነስቼ ልወጣ ነበር። ወዴት? ሱቁ ባዶ ነው፣ ኡበይድ ሥራ ፈቷል፣ ሌላ ማን ይጠራኛል? ተቀመጥኩ። ሁለት ዓመት አይሆንም አልኩ። ዓመት። ዲግሪዬን የተቀበሉበት ወረቀትም ይጻፍልኝ። «ሁለት»ን ሰርዘው «አንድ» ብለው ጻፉ፣ አጠገቡ ፈረሙ። ለማሳየት ይዤው የመጣሁት ዲግሪዬ ከሁለቱ ጋር ተቆለፈበት።

አልሰጥም ብዬ ወጥቼ ሰጥቼ ተመለስኩ። ሥራ አገኘሁ ብዬ ለአባዬ ስነግረው አለቀስኩ። የደስታ መሰለው።

መስከረም 29

የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ነገ ሥራ እጀምራለሁ።

ኅዳር 8

ከሰዓት ካርድ አገላብጬ ስም ጠራሁ። ኡበይድ። እንደ በሽተኛ ካርድ አውጥቶ ተራ ጠብቆ ገባ። ከስቷል። ምንህን አመመህ አልኩት።

«ዋስ አጣሁ» አለኝ።

መሳቅ ፈልጌ ነበር። ዱከም አንድ መጋዘን ሥራ አግኝቷል። ደሞዝተኛ ዋስ፣ ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ጋር። ከዘመድ ደሞዝተኛ አሁን እኔ ብቻ ነኝ።

ሲስተር ጋ ገባሁ። ደብዳቤውን መጻፉን ጻፉት፣ ማህተሙን ግን በእጃቸው እንደያዙ አዩኝ።

«ገብቶሻል? እሱ ሌላ ዋስ እስኪያመጣ ከዚህ አትለቂም። በዓመትሽም ብትይኝ ዲግሪሽን አልሰጥሽም።»

ያቺን አንድ ዓመት እንዴት እንዳገኘኋት እኔ ነኝ የማውቀው።

«ገብቶኛል። ይምቱበት» አልኩ።

ኡበይድ ደብዳቤውን ተቀብሎ ሁለቴ አነበበው። ቀልድ አልመጣለትም። ሰኞ ወርጄ አስገባዋለሁ አለኝ።

ጋዎኔን እንደለበስኩ እስከ ታክሲው ሸኘሁት።

«ዛሬ» አልኩት። «እንደለበስከው ሂድ።»