የለተጊዮርጊስ መገበሪያ

ጥቅምት 5
ብዕሩን የያዘችው ዛሂዳ ናት፤ ጎረቤቴ፣ ባለሱቋ። እኔ ሀብቴ ፊደል አልቆጠርኩም። የምለውን ብቻ ጻፊ ብያታለሁ።
ዛሬ የጓሮውን ስንዴ ለመጀመሪያ ጊዜ አጨድኩ። በተዘራ በወሩ። ላሟ እርጥቡን በላች። መልሶ ያቆጠቁጣል... ከዚያ ሳይታጨድ ይተዋል፣ ያፈራል። አንድ መሬት፣ ለከብትም ለሰውም። በስደት አገር፣ እዚህ ኪዋቱሌ ላይ ስንዴ? ብለው ሳቁብኝ። ይሳቁ።
እህሉ መገበሪያ ነው። ለሚስቴ ለለተጊዮርጊስ ሙት ዓመት፣ ጥር 18፣ የቅዳሴው ኅብስት በእጄ ከዘራሁት ስንዴ ይጋገራል። መቃብሯ ላይ ምያለሁ። ሰው ሁሉ ሰምቷል።

ጥቅምት 20
ላሟ የምትግጥበትን ባዶ ቦታ ባለቤቱ አጠረው። ብሎኬት አራገፉበት። ላሟም የለተጊዮርጊስ ናት... ጥጃ ታጠባለች። ወተቷ ቀነሰ። ዓይን ዓይኔን ታያለች።

ጥቅምት 25
ስንዴው ከተዘራ ሃምሳ ቀን ሞላው። አባቴ ደብረ ብርሃን እስከ ሃምሳ ቀን ለከብት ያጭድ ነበር። እኔም ልደግም ማጭድ ያዝኩ። ዛሂዳ መጥታ አገዳውን በጣቷ ጨመቀች።
«አባ ሀብቴ፣ ይተዉት። አንጓ ይዟል። ዛላው ሆዱ ውስጥ ነው፤ አብሮ ይታጨዳል።»
«አንቺ ስኳርሽን መዝኚ።»
«እኛ ወሎ ስንዴ የለም አሉዎት? እዚህ ይሞቃል፣ ቶሎ ይደርሳል።»
ስለ ስንዴ እኔን ልታስተምር? አጨድኩት።

ኅዳር 21
ዛላ የለም። ዝናቡ ነው? ዘሩ ነው?

ታኅሣሥ 14
ጓሮውን በሙሉ ዞርኩት። አሥራ አንድ ዛላ። እፍኝ አይሞላም። የቀረውን ለላሟ ሰጠኋት።
ዛሂዳ «ከሱቄ ስንዴ ይውሰዱ፣ ማን ያውቃል?» አለች።
ለተጊዮርጊስ ታውቃለች።

ጥር 18
ቅዳሴው አለቀ። ስንዴውን ያደረስኩት ትናንት ነው፤ ከናካዋ ገበያ የተገዛ። ቄሱ ዛሬ ለሰዉ «ይኸው የጋሽ ሀብቴ የጓሮ ስንዴ!» አሉ። አጨበጨቡ። ዝም ልል ነበር...
«አይደለም» አልኩ። «የተገዛ ነው። የራሴን ያበላሸሁት እኔ ነኝ።»
ሰዉ መሬት መሬት አየ። ወጣሁ።
ዛሂዳ፣ ልክ ነበርሽ። ምን አቆመሽ? ጻፊው።
«ይቅር፣ አባ ሀብቴ» ትላለች።
አይቀርም። በራስሽ እጅ ጻፊው፤ «ነግራኝ ነበር፣ አልሰማኋትም» ብለሽ።
ለለተጊዮርጊስ በአርባ ሁለት ዓመት አንድ ቀን «ልክ ነሽ» ብያት አላውቅም። አንድ ቀን።
አሁን አንብቢልኝ። ድምፅሽን እንዳትቀንሺ።