ሁለተኛው እርካብ

ሞጣ፣ ከዳግም ትንሣኤ ማግሥት

ይድረስ ለእናቴ፤

እምዬ፣ እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽን የጠዋቱ ብርድ እንዴት አድርጎታል? እንኳን ከጾሙ በደህና አወጣሽ። ያ ክፉ አውራ ዶሮ አሁንም እንግዳ ያባርራል ወይስ ለፋሲካ ተገላገላችሁት? እኔ በእግዚአብሔር ቸርነት አለሁ። «ደህና ነኝ» ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ብዕሩን መለስሁት። በዚህ ወረቀት ላይ ውሸት እንዳይገባበት ስለፈለግሁ አለሁ ማለቱ ይበቃል።

ስልክ ስደውል ድምፄን እንደሰማሽ ትዘጊዋለሽ። አልፈርድብሽም። ወረቀት ግን ጆሮ ላይ አይዘጋም፤ ብትወረውሪውም ሰገነት አንስታ ታነብልሻለች። እህቴ ሰገነት፣ አደራሽን ቀስ ብለሽ አንብቢላት። የማይጥምሽ ቦታ ስትደርሺ እንዳትዘይው፤ ተማሪዎችሽ እንዲህ ሲያደርጉ ጆሯቸውን እንደምትቆነጥጪ አውቃለሁ።

ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ነውና፣ ከተዝካሩ ልጀምር። በአባባ ሙት ዓመት፣ በካህናቱና በጎረቤቱ ፊት «እኔ ልጅ አልወለድሁም» ማለትሽን ሰምቻለሁ። የነገረኝ የመኪናው ረዳቴ ፋንታ ነው፤ እሱም ወጥሬ ይዤው ነው የተናገረው። የአባቱን ተዝካር ትቶ መተማ ገንዘብ ሊለቅም የሄደ ልጅ ከዚህም የባሰ ይገባዋል። ነገር ግን እኔ መተማ አልሄድሁም።

ኅዳር ላይ ከአዲስ አበባ ጭኜ ስመለስ፣ ዓባይ በረሃ ቁልቁለቱ ላይ ፍሬኑ እምቢ አለኝ። ድልድዩ ከታች ይታየኝ ነበር። ገደሉን ከምመርጥ ብዬ ወደ ተራራው አዞርሁት፤ መኪናው ከድንጋዩ ጋር ተላትሞ በጎኑ ተኛ። ረዳቴ ፋንታ ጎትቶ አወጣኝ። ከዚያ ወዲያ ያለው ሆስፒታል ነው፤ ብዙ ሆስፒታል።

አንቺ ያኔ ከል እንደለበስሽ ነበርሽ። በሐዘንሽ ላይ ሐዘን አልጨምርም ብዬ የሚያውቀውን ሰው ሁሉ አስማልሁ። አገራችን መርዶ የሚነገረው በማለዳ፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ ነው፤ እኔ ደግሞ አልሞትሁ፣ በቁሙ ላለ ሰው ማን ሽማግሌ ይልካል? ስለዚህ «መተማ ሄደ በሏት» አልሁ። ቆይቼ አገግሜ፣ በእግሬ መጥቼ፣ እግርሽ ላይ ወድቄ እነግርሻለሁ ብዬ ነበር ያሰብሁት። እንዳሰብሁት አልሆነም።

አሁን ስለ ወይንእሸት ልጽፍልሽ ነው። ስሟ ሲነሣ ፊትሽን ወደ ግድግዳው እንደምታዞሪ አውቃለሁ። ዙሪ፤ ጆሮሽን ግን ተዪልኝ። የቀጥቃጭ ልጅ ከደጄ አትደርስም፣ ዓይኗን እፈራለሁ፣ እጇ የነካውን አልቀምስም ብለሽ ሠርጋችን ላይ ሳትገኚ ቀረሽ። እስከ ዛሬም መልኳን አታውቂውም። እኔም በንዴት ሁለት ዓመት ሙሉ ስለ እሷ አንድ ቃል ሳልነግርሽ ኖርሁ።

ሥራዋ ልዋጭ ነው። የላስቲክ ሳፋና ባልዲ በራሷ ተሸክማ መንደር ለመንደር ትዞራለች። ሴቶቹ አሮጌ ልብስ፣ የተቀደደ ጫማ፣ የተሰበረ ብረት ያወጡላታል፤ እሷ ደግሞ ሳፋ ትሰጣቸዋለች። ሌሎቹ ልዋጮች የሰበሰቡትን ለነጋዴ አስረክበው ይገላገላሉ። የእኔዋ ግን ግማሹን ቤት ይዛ ትገባለች። ከአደጋው በፊት በዚህ ነገር ስንቴ ተጨቃጨቅን መሰለሽ። የተጣለ የሚኒባስ ወንበር ይዛ መጥታ «ሶፋ ነው» አለችኝ። የዛገ ሰሃን የሚመስል የተጣመመ ዲሽ ይዛ መጣች፤ እኔ ስስቅ እሷ ሦስት እግር አበጀችለትና የእሳት ማንደጃ አደረገችው። «ቀን ሲደርስልሽ እኔንም በሳፋ ትለውጪኛለሽ» እላት ነበር። «አንተን ማን ሳፋ ይሰጥብሃል» ትለኝ ነበር።

ከሆስፒታል ተሸክመው ሲያስገቡኝ የገዛ ቤቴን አላወቅሁትም። የቤቱ ዕቃ ሁሉ ወርዷል። ግድግዳው ላይ ከፍ ብሎ የነበረው መደርደሪያ ወገቤ ጋ ደርሷል። የጠረጴዛው እግሮች ተቆርጠዋል። የውኃው በርሜል ከግርጌው ቧንቧ ወጥቶለት ተቀምጬ እጄን እታጠባለሁ። መብራቱ ከማጥፊያው ላይ ገመድ ታስሮበት ተኝቼ እስበዋለሁ። ከተጣለ የጭነት መኪና ጎን የተፈታ ስፖንዳ ደጃፉ ላይ ተጋድሞ ደረጃው ጠፍቷል። ይህን ሁሉ እኔ ተኝቼ ሳለሁ፣ ሰው ሳትቀጥር፣ ከልዋጭ ከሰበሰበችው ነው የሠራችው።

መስተዋቱንም አውርዳዋለች። ጢሜን ስላጭ ፊቴን ፊት ለፊት አየዋለሁ። እሷ ግን ጸጉሯን ስታበጥር አሁን ተንበርክካ ነው። ይህን ያየሁት በሁለተኛው ቀን ጠዋት ነው፤ ጋቢዬን ፊቴ ላይ ሳብሁ። ታመምህ ወይ ብላ ግንባሬን ዳሰሰችኝ።

ከዚያ የምገፋበትን ባለ ጎማ ወንበር መሥራት ጀመረች። በከሰል ግድግዳው ላይ ሣለችው። ከአሮጌ የብረት አልጋ ቧንቧውን አወጣች። የኋላዎቹ ጎማዎች የሳይክል ናቸው፤ የፊቶቹን አንድ ሱቅ ከጣለው የዕቃ መግፊያ ፈታች። አባቷ አቶ ቀለሙ ወናፋቸውን ግቢያችን አምጥተው ብረቱን በእሳት እያጋሉ፣ እሷ እያሳየቻቸው አጠፉላት። እዚያው አጠገባቸው ተቀምጬ አይ ነበር። ቀይ ብረት እንደ እሸት በቆሎ አገዳ ሲታጠፍ አይተሽ ታውቂያለሽ? እኔ ሞጣ እየኖርሁ አይቼ አላውቅም ነበር። በልጅነቴ በቀጥቃጭ ደጅ ስናልፍ እጄን ጎትተሽ ታሳልፊኝ ነበር፤ ምን እንዳሳለፍሽኝ ገና ዘንድሮ አየሁ።

መቀመጫው ግን አልሆን አለ። ማዳበሪያ ወጠረችበት፤ ተቀደደ። የመኪና ጎማ ከመነዳሪ ቆርጣ ወጠረችበት፤ በፀሐይ ላልቶ መሬት ለመሬት ጎተተኝ። የሰው ክብደት የለመደ ቆዳ ነው የሚያስፈልገው አለች። እንዲህ ያለ ቆዳ ከየት ይመጣል ብዬ ሳቅሁባት።

የካቲት ላይ ደብረ ወርቅ ልዙር ብላኝ ሄደች። በማግሥቱ ስትመለስ የያዘችውን ጆንያ ፊቴ ላይ ፈታችው። ኮርቻ ነበር። የአባባ ኮርቻ።

በቀኝ ጥጉ፣ አይጥ የበላችው ቦታ ላይ፣ አባባ የትምህርት ቤት ቦርሳዬን ሸራ ቆርጠው በወስፌ የሰፉበት ሰማያዊ ቁራጭ አለ አይደል? እሱን አየሁት። በዚያ ኮርቻ ላይ ከአባባ ፊት ተቀምጬ ነበር ለጊዮርጊስ ክብረ በዓል የምንሄደው። ሲታመሙ «ይህ የሱ ነው» ማለታቸውንም አብረን ሰምተናል። እንግዲህ እናቴ አውጥታ ጣለችኝ አልሁ። ደሜ ፈላ። ምንም ባላጠፋችው በወይንእሸት ላይ ጮኽሁባት። ጆንያውን እያጠፈች «አልጣሉትም» አለችኝ። «ሲያወጡት ብታይ እንዲህ አትልም ነበር።»

ለካስ ደብረ ወርቅ አልሄደችም። መሐላዬን አፍርሳ እውነቱን ልትነግርሽ አንቺው ጋ መጥታ ነበር። ደጅሽ ስትደርስ ድፍረቷ ከዳት። ሳፋዋን እንደተሸከመች ቆማ ሳለ አንቺ ብቅ ብለሽ «ልዋጭ ነሽ?» አልሻት። «አዎ እማማ» አለችሽ። እሱስ እውነት ነው።

ግቢ አስገባሻት። ኮርቻውን አወጣሽው፤ ደግሞ መልሰሽ ይዘሽው ገባሽ። ቆይተሽ በነጠላሽ ጫፍ አቧራውን እየጠረግሽ ወጣሽና «ባለቤቱ ላይመጣ ዓይኔን ከሚወጋኝ ውሰጂው ልጄ» አልሻት። ልትነግርሽ አፏን ከፍታ ነበር፤ ይህን ባሰማቸው እዚሁ ይወድቁብኛል፣ ከጎናቸውም ሰው የለ ብላ ዋጠችው። የፈለግሽውን ምረጪ ስትልሽ ትልቁን ሰማያዊ ሳፋ መረጥሽ። ድካሟን አይተሽም በጣሳ ጠላ ቀድተሽ፣ ቆሎ በእፍኝሽ ሰጠሻት።

ስትወጣ በርሽ መሬት ሲጎትት አየች። ማጠፊያው ተጣሞ ነበር። ድንጋይ አንሥታ ቀጥቅጣ አቀናችልሽ። አንቺም በሩን ከፈት ዘጋ አድርገሽ አይተሽ «እጅሽ ይባረክ፣ የነካሽው ሁሉ ይቅናልሽ» ብለሽ መረቅሻት።

ታስታውሻታለሽ? ቀጭን ናት፤ በግራ እጇ አውራ ጣት ላይ የእሳት ጠባሳ አለባት። ሰገነት፣ እስቲ ሳፋውን አምጪና እናቴ ፊት አስቀምጪው። እምዬ፣ ልብስሽን የምታጥቢበት እሱ ነው። በርሽም ከየካቲት ወዲህ አይጎትትም። ሳፋ ይለወጣል፤ ምርቃት ግን አንዴ ከአፍ ከወጣ መልሶ የሚለውጠው የለም።

ወይንእሸት ቆዳውን ስፌት በስፌት ፈታችው እንጂ አልቆረጠችውም። አለስልሳ በወንበሩ ላይ ወጠረችው። የኮርቻውን እንጨት የክንድ ማሳረፊያ አደረገችው፤ አባባ ይይዙት የነበረውን ቦታ አሁን እኔ እይዘዋለሁ፤ መዳፋቸው ያለሰለሰው እንጨት ነው። ሰማያዊዋ ቁራጭ ከጀርባዬ ናት። ለትንሣኤ ሌሊት እየገፋች ቤተ ክርስቲያን ወሰደችኝ። ከሆስፒታል ከገባሁ ወዲህ ከደጄ ስወጣ የመጀመሪያዬ ነበር። ጧፍ የያዘው ሕዝብ መንገድ ለቀቀልን። አንድ ሽማግሌ ጎንበስ ብለው ቆዳውን ዳሰሱና «ይህችስ የደህና ሰው በቅሎ ነበረች» አሉ። ነፋሱ ፊቴን ሲነካኝ አለቀስሁ። እምዬ፣ እኔ ስንት አገር የነዳሁ ሰው ነኝ፤ እንደዚያች ሌሊት መንገድ ያለ መንገድ ግን አላየሁም። ሰው ካወጣው ብረት፣ አንቺ ካወጣሽው ቆዳ፣ አንቺ ከጠላሻት ሴት እጅ ነው የተነሣሁት። አሁንም ጠዋት ጠዋት ስነቃ ወንበሩን ቆሞ ሳየው ይገርመኛል።

ለሚያዝያ ጊዮርጊስ እንመጣለን። ፋንታ በመኪና ያደርሰናል። እንመጣለን ማለቴን ልብ በይልኝ፤ ሁለት ነን። ደጅሽ ደርሰን በሩ ለእኔ ብቻ ከሆነ የሚከፈተው፣ ከደጅ ሆኜ ስሜሽ እመለሳለሁ። ኮርቻው ያለ እሷ አይሄድም፤ እኔም አልሄድም። ይህን ስጽፍ እጄ ፈርቷል፤ ቢሆንም ጻፍሁት። ለእሷ የምትሰጫት ጠላ በዚያው ጣሳ ይሁንላት፤ እስከ ዛሬ የዚያን ጠላ ጥሩነት ታወራለች።

አንድ ነገር ቀረኝ። ፋንታ ከዚህ ደብዳቤ ጋር በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይሰጥሻል። እንዳትደነግጪ፤ የኮርቻው እርካብ ነው። እንደምታውቂው ሁለት ነበሩ። አንዱን ወይንእሸት ከወንበሩ ሥር አሰረችው፤ ግራ እግሬ ያርፍበታል፤ ልክ ነው። ሁለተኛውን ይዛ ቤቱን ዞረች። በር ላይ ሞከረችው፣ ግድግዳ ላይ ሞከረችው፣ አባቷ ጋ ወስዳ አመጣችው። እምዬ፣ ይህች ሴት ከተጣመመ ዲሽ እሳት ያነደደች ናት፤ ቦታ ያጣችለት ዕቃ እስካሁን አላየሁም። ለእሱ ግን አጣች፤ የሚያርፍበት ቀኝ እግር የለኝማ። ጉልበቷ ላይ አስቀምጣው ስታለቅስ አገኘኋት። ስለዚህ አንቺ ዘንድ ይቀመጥ ብለናል።

ጊዮርጊስ በደጅሽ አይለፍሽ። ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ ዕድሜሽን ያርዝምልኝ፣ ከሉን አውልቀሽ ነጭ ለብሰሽ ያሳየኝ። ወይንእሸት የእማማን ጉልበት ሳምልኝ ብላለች፤ በወረቀት ሳምሁልሽ።

የወለድሽው ልጅሽ