ደረሰኝ የተቆረጠለት አልጋ

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ፤ ሳቅህ ከመጥፋቱ በቀር ቤቱ ደህና ነው።

ለአባባ ራስጌው ከፍ ዝቅ የሚል አልጋ ገዛሁ። ትናንት ከፍዬ ዛሬ ላስጭን ስሄድ ሻጩ፣ «እትዬ፣ ዋጋ ጨምሯል፤ ልዩነቱን ካልከፈሉ አይጫንም» አለኝ።

«የኔ ጌታ፣ እኔም ነጋዴ ነኝ። ደረሰኝ ከቆረጥክ ዋጋው አልቋል። ወይ ጫን፣ ወይ የሸማቾች መብት ጽሕፈት ቤት እንሂድና ንገራቸው» አልኩት። እያጉረመረመ ጫነ።

አባባ ይህን ሲሰሙ ሳቁና፣ «ምን አሟገተሽ? ለጥቂት ቀን ኪራይ ይበቃኝ ነበር» አሉኝ። ቁጠባ መቼም አይለቃቸውም! ልጄ ሲገባ እንዳየው ፊቴን ወደ በሩ አድርጉልኝ ስላሉም አልጋውን አዞርነው።

አንተ ግን ቲኬት ከቆረጥክ በኋላ ዋጋ ጨምሯል ቢሉህ አትሟገት፤ ከፍለህ ና።

መንገድ መንገዱን የምታይ እህትህ